ለየቤቱ የታደለችው ላንድክሩዘር

መኪና ጋራዥ ውስጥ ሲፈታ ያየ ሰው ብዙ ነው። መንደር ተሰብስቦ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ የመኪና ዕቃ እንደ ድስትና እንደ ሰሌን ለየቤቱ ሲታደል ያየ ግን ከእኛ ሰፈር ሰው ሌላ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው የምነግራችሁ። ረጋ ብዬ ለማውራት እሞክራለሁ፤ ካቃተኝ ታገሡኝ። ዛሬም ሳነሳው ደሜ ይፈላል።

እንድሪስ እባላለሁ። መንደራችን ከአምባሰል ተራራማ ቀበሌዎች አንዷ ናት፤ ወደ ውጫሌም ወደ ሐይቅም የምታወርድ ጥርጊያ መንገድ አለቻት። ያኔ ከጅዳ የተመለስኩ መካኒክ ነበርኩ። ጅዳ ያሠሩኝ የነበሩት ሽማግሌ የመናዊ ሌላ መኪና ሲነኩ ዝም ይላሉ፤ ላንድክሩዘር ከገባች ግን አፋቸው አይዘጋም። ታሪኳን የሚያወሩኝ እንደ ዘመድ ታሪክ ነበር። ጃፓኖች መጀመሪያ ለወታደርና ለፖሊስ ብለው እንደሠሯት፣ ተራራ አስወጥተው እንደፈተኗት፣ ያኔ ጣሪያዋ ሸራ እንደነበር ይነግሩኛል። ኋላ ብረት ለበሰች፤ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የበረሃው ሰው ወሰዳት። እህቶቿ የቆዳ ወንበርና ማቀዝቀዣ እየተጨመረላቸው የሀብታም መኪና ሲሆኑ፣ ይቺ ረጅሟ ሀርድቶፕ ግን በንብርብር ብረት ባሌስትራዋ ላይ እንደተቀመጠች ጭቃ ውስጥ ቀረች። ሽማግሌው የሚወዱት እሷን ነበር፤ እኔም ፍቅሩ ተጋባብኝ።

ወደ አገሬ የተመለስኩት ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ነው። አገሩ ሁሉ መደመር መደመር ሲል እኛም ተደምረን መኪና ገዛን። እኛ ስል ቅሬያችንን ማለቴ ነው። ወሎ ላልሆናችሁ፣ ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው። የታመመ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት ማድረስም ድሮ የቅሬው ሥራ ነበር። ወጣቱ ዓረብ አገር እየሄደ ተሸካሚ ሲጠፋ፣ የተመለስነውም እዚያው ያሉትም አዋጥተን አንድ መሥሪያ ቤት ለጨረታ ያወጣትን፣ ሞተሯ ነክሶ የቆመ ሀርድቶፕ አመጣን።

እኔ ሌላ ሞተር ገጠምኩላት። በሽተኛ እንዳትንጥ ባሌስትራዋን አላላሁ፤ የኋላ ወንበሯን ነቅዬ ቃሬዛ የሚገባበት ብረት በየድኩላት። ታናሽ እህቴ ሐዋ ከሪያድ ተመልሳ ልብስ ስፌት ልትጀምር ስትዘጋጅ ነበርና የወንበሩን ልብስ ሰፋች። እንዲህ እያደረግን የጃፓኖቹን ሥራ ለእኛ አቀበት እንዲሆን አድርገን ጨረስነው።

የመረቅናት ዕለት የየመናዊውን ታሪክ ለሽማግሌዎቹ አወራሁ። የቅሬው ዳኛ አባ ይመር አቋረጡኝ።

“ለጦር የተሠራች ነገር ለኛ ምን ትበጃለች?”

ሐዋ ቀደመችኝ። “ማረሻዎም እኮ ብረት ነው አባ። እንደያዘው ሰው ነው።”

አባ ይመር ሳቁ፤ እሷን መረቋት። አባታችን ከሞተ ወዲህ እንደ አባት ያዩን እሳቸው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳትይዟቸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ለእኔም ይቀለኝ ነበር።

መኪናዋ ስንት ምጥ የያዛት ሴት፣ ስንት እግሩ የተሰበረ ሰው አወረደች። ቃሬዛው ጎተራ ሥር ተጣለ፤ የተሸካሚ ተራም ተረሳ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ በሬዲዮ፣ ቀጥሎ በተፈናቃይ፣ ቀጥሎ በውጫሌ በኩል በሚሰማ የከባድ መሣሪያ ድምፅ። መኪና ያለው ሁሉ መኪናው እንደሚወሰድበት ተወራ። ይሄኛውም ወገን ለግዳጅ ይፈልጋታል፣ ያኛውም ይፈልጋታል፤ የደበቀ ቤቱ ይቃጠላል ተባለ። ማን እንዳየ አይታወቅም፤ ሁሉም ከሌላ ሰው የሰማው ነው።

አባ ይመር ቅሬውን ሰበሰቡ። “አንተ አልነበርክ ለጦር ነው የተሠራችው ያልከን?” አሉኝ። “ይኸው ባለቤቶቿ መጡ።”

መላው የመጣው ከራሳችን ልማድ ነው። የቅሬ ዕቃ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ድስቱ አንዱ ቤት፣ ሰሌኑ ሌላው ቤት፣ የድንኳኑ እንጨት ሌላው ቤት ነው። ሰው ሞተ ሲባል ሁሉም በቤቱ ያለውን ይዞ ይወጣል። ማንም ማንንም ሳይጠይቅ፣ አንዲት ማንኪያ ሳትጎድል ይሰበሰባል። መኪናዋም እንደዚያ ትሁን ተባለ። ጎማዎቿ፣ ባትሪዋ፣ ሞተር የምታስነሳው ሞተሪኖዋ ለየቤቱ ታደሉ። ናፍጣ የምትገፋውን፣ ያለ እሷ ሞተሩ የማይነሳውን ፖምፓ ደግሞ የሚታመን ሰው ይያዛት ተብሎ አባ ይመር ወሰዷት፤ የት እንደሚቀብሯት ለማንም አልተናገሩም። ቅሬው ተሰብስቦ ካልፈቀደ በቀር ማንም ብቻውን እንዳይገጥማት በዱዓ ታሰረ። ክርስቲያኖቹም አሜን አሉ፤ እኔም አልኩ። የቀረውን አካሏን የከብት በረት ውስጥ ገፍተን በገለባ ሸፈንነው።

ብዙም አልቆየ፣ አንድ ቀን ጠዋት እናቴ ጠራችኝ። ሐዋ መደቡ ላይ ጥቅልል ብላ ሆዷን ይዛለች። ሲያስመልሳት ነው ያደረችው። ሆዷ ተነፍቶ ከበሮ ሆኗል።

“ምን በልተሽ ነው?” አልኳት።

“ምን ተገኝቶ ይበላል፣ አያ?” ልትስቅ ሞከረች። መሀል ላይ ሕመሙ ያዛትና ጥርሷን ነከሰች።

የጤና ኬላዋ ነርስ ገና ከመንደሩ አልወጣችም ነበር። መጥታ ሆዷን ዳሰሰችና ወደ ውጭ ጠራችኝ።

“አንጀቷ የተጠማዘዘ ይመስለኛል። እኔ የማደርገው ነገር የለም። ዛሬውኑ ደሴ ገብታ ኦፕራሲዮን ካልሆነች አትተርፍም።”

“ነገ ብትደርስስ?”

“ዛሬ ነው ያልኩህ” አለችኝ።

ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። የወረዳው አምቡላንስ ቁስለኛ ያመላልሳል። ከሐይቅ ወደ ደሴ ያለው መንገድ ግን ገና ክፍት ነበር፤ ሰው እየጎረፈበት ቢሆንም ክፍት ነበር። እሷን ከተራራው ማውረድ ነው የቀረኝ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ቃሬዛውን ነው። ከጎተራ ሥር አወጣሁትና ተሸካሚ ፍለጋ በየቤቱ ሄድኩ። አንዱ ጉልበቱን እያሻሸ ወጣ፤ መቆምም አልቻልኩ አለኝ። የሌላው ሚስት በር ላይ ቆማ “ሐይቅ ወርዷል” አለችኝ፤ ጫማው እግሯ ሥር ተቀምጧል። ሌላው እውነቱን ነገረኝ።

“በዚህ ቀን ወንድ ልጅ ተሰልፎ መንገድ ላይ ይታያል? ተዋጊ ናቸው ብሎ አንዱ ቢተኩስብንስ? ኧረ በአላህ፣ እንድሬ!”

ጋቢያቸውን ደርበው ወዲያው የወጡልኝ ጎረቤታችን ጋሽ መላኩ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ቃሬዛ ከሚሸከሙበት ዕድሜ ይልቅ በቃሬዛ ከሚሄዱበት ዕድሜ የደረሱ ሰው ናቸው። ግንባራቸውን ሳምኩና ቃሬዛውን ጥዬ ወደ አባ ይመር ሮጥኩ።

በራቸው ላይ አገኘኋቸው። “አባ፣ ፖምፓዋን ይስጡኝ። ሐዋ ልትሞትብኝ ነው” አልኳቸው።

ፊታቸው ልውጥ አለ። “ያ አላህ! ሐዋ? የኛ ሐዋ?” ብለው ወደ ቤት ገቡ። ዕቃዋን ሊያወጡልኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ሲመለሱ ከዘራቸውን ይዘዋል።

“ቅሬውን ልሰብስብ።”

“አባ፣ እኔ ስብሰባ አይደለም የምፈልገው፤ ፖምፓዋን ነው!”

“አውቃለሁ ልጄ። ዱዓ የታሰረበት ነገር ነው። እኔ ዳኛው ብቻዬን ከፈታሁት፣ ነገ ሌላው ምን ይለኛል? ለሚወዳቸው ሲሆን አወጣው አይለኝም?”

“እሺ ባይስማሙስ?”

“ለሐዋ የማይስማማ ማን አለ? አብሽር፣ ቶሎ እንጨርሰዋለን።”

አብሽር እኛ ዘንድ አይዞህ ማለት ነው። ለታመመም፣ ለደኸየም፣ ለከሰረም ትባላለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው አብሽር ሲለኝ ጆሮዬን መድፈን ያምረኛል።

ሰው እስኪሰበሰብ ፀሐይዋ ከፍ አለች። እኔ ገለባውን ገፍቼ መኪናዋን ሳዘጋጅ፣ ወደ እህቴ ስሮጥ፣ ወደ ሜዳው ስሮጥ ቆየሁ። ቤት ስገባ ሐዋ ዓይኗን ከፈተች።

“አልተነሳችም?”

“ትነሳለች። ቅሬው እየተሰበሰበ ነው።”

“ምን ብሎ ነው የሚሰበሰበው?”

“መኪናዋ እንድትገጠም ለመፍቀድ።”

“እዚህ መጥተው ለምን አያዩኝም?” አለች። “አንዴ ቢያዩኝ እኮ ወሬ አያስፈልጋቸውም ነበር።”

ይህንኑ ልነግራቸው ወደ ሜዳው ሄድኩ። ስደርስ ቅድም ጉልበቴ አላስቆመኝም ያለው ሰውዬ ከፊት ረድፍ ተቀምጧል። ስብሰባ ነዋ! ለስብሰባ ጉልበት አያስፈልግም።

ልናገር ስል አባ ይመር እጃቸውን አነሱ። “ተቀመጥ ልጄ። ተራህ ሲደርስ ትናገራለህ።”

በዱዓ ተጀመረ። ከዚያ አንዱ ተነሳና ሞተሯ ሲነሳ ድምፅዋ እስከ ውጫሌ ይሰማል አለ። ሌላው ሐይቅ ላይ ቢቀሙን ማን ይመልሳታል አለ። ሌላው ደግሞ ዕቃ ያዦቹ በሙሉ ሳይገኙ ፈቃድ አይጸናም አለ፤ ሞተሪኖዋን የያዘው ሰው ከነቤተሰቡ ሸሽቷልና እሱ በሌለበት እንዴት ይሆናል ተባለ። ለእህቴ ክፉ የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም። የሚናገረው ሁሉ “ሐዋን አላህ ያሽርልን” ብሎ ይጀምርና ወደ ስጋቱ ይገባል። ሁሉም ተራውን ጠብቆ፣ ሁሉም ቀድሞ የተናገረውን አመስግኖ ይናገራል። እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት በየትም አገር አላየሁም።

ከቤታችን በኩል ጩኸት ተሰማ። የሐዋ ድምፅ ነው። ጋሽ መላኩ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

“ኧረ ጎበዝ፣ ልጅቱ እየጮኸች ነው! አትሰሙም ወይ?”

ሁሉም ሰማ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። የሚቀጥለው ተናጋሪ ግን ተነሳ።

እኔ ያን ጊዜ ተራዬን አልጠበቅሁም። “አንድ ሰው ተነስቶ አይቷት ይምጣ!” ብዬ ጮህኩ። “አንድ ሰው! ከዚህ እስከ ቤቴ ስንት እርምጃ ነው? መጥታችሁ ያላያችሁት ሰው ላይ ነው የምትፈርዱት?” ሁለት ሰዎች ይዘው አስቀመጡኝ። ያዘነልኝ አንዱ በጆሮዬ “አታበላሸው፤ ሊፈቅዱልህ ነው” አለኝ።

የዙሁር፣ የቀትሩ ሶላት ደረሰና ተነሱ። ከሶላት ሲመለሱ ፈቀዱ። አንድም የተቃወመ አልነበረም። አባ ይመር እንባቸው ጺማቸው ላይ እየወረደ ረጅም ዱዓ አደረጉላት፤ አሜን አልን። ከዚያ ገና ወደ ጓሯቸው ሄደው ፖምፓዋን ከእህል ጉድጓድ አወጧት።

ከዚያ በኋላስ የጎደለኝ ሰው አልነበረም። ጎማው እየተንከባለለ መጣ፣ ባትሪው በትከሻ መጣ። አንዱ ቸርኬ ይይዝልኛል፣ አንዱ ዳዶ ያቀብለኛል። ፖምፓን መግጠም ግን የሰው ብዛት የሚያፋጥነው ሥራ አይደለም፤ የፖምፓዋ ምልክት ከሞተሩ ምልክት ካልገጠመ ሞተሩ አይነሳም። ቡሎኑ ከጣቴ ያመልጣል። ቱቦዎቹን አሰርኩ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ ናፍጣው ንጹሕ ሆኖ ሲመጣ አየሁ። ሞተሪኖ ስለሌለ ተገፍታ ነው የምትነሳው። መንደሩ በሙሉ ተረባርቦ ወደ ቁልቁለቱ ገፋት። ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ተንገጫግጫ ዝም አለች። እንደገና ገፏት። ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል ጥቁር ጭስ ተፋችና ተነሳች።

በሕይወቴ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከኋላዬ ወንዶቹ “አላሁ አክበር!” ይላሉ። መኪናዋን አዙሬ አቀበቱን በአንድ ትንፋሽ ወጣሁ። ሐዋ እንድትሰማኝ ክላክሱን ሳላቋርጥ እየነፋሁ ደጃችን ደረስኩ። ከሞተሩና ከክላክሱ በቀር ምንም አልሰማሁም።

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቃሉ አልተሰማኝም። በመስኮቱ አንገቴን አወጣሁ።

“ሞተሩን አጥፋው” አለችኝ። “አጥፋው፣ ልጄ። አልቋል።”

አጠፋሁት። ያኔ ነው ለቅሶው የተሰማኝ።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። የቀብሩ ጥሪ እንደወጣ መንደሩ ተነቅሎ መጣ። ጉልበቱ የታመመው መጣ፤ አካፋ ይዞ። ሐይቅ ወርዷል የተባለው መጣ። መንገድ ላይ ከታየሁ ይተኮስብኛል ያለው፣ ቁልቁል ያሉትን መንደሮች ሊጠራ በግልጽ ሜዳ እየሮጠ ወረደ። ድስቱ መጣ፣ ሰሌኑ መጣ፣ ድንኳኑ ቆመ፤ አንዲት ማንኪያ አልጎደለችም። ሐዋ ታጥባ ሳታልቅ መቃብሩ ተቆፍሮ አለቀ። ጠዋት ብቻዬን የጎተትኩትን ቃሬዛ ለመሸከም ሰው ተሻማ፤ ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበለ መሬት ሳያስነካ አደረሳት። የከባድ መሣሪያው ድምፅ እንደ ጠዋቱ ይሰማል። ማንም አላነሳውም።

በማግሥቱ መኪናዋን መልሰህ ፍታት አሉኝ። ቁልፉን አባ ይመር እጅ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። ሌላ ሰው ፈታት፤ ዕቃዋም ለየቤቱ ተመለሰ። ኋላ ሐይቅ ከተማ ክፉ ቀን አለፈበት፤ እሱን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ወደ እኛ መንደር ግን ከዚያም ሆነ ከዚህ አንድ የታጠቀ ሰው አልወጣም። ማንም መኪና ፍለጋ አልመጣም። ጦርነቱ ሲያልፍ እንደገና ተገጠመች፤ ዛሬ ሌላ ሾፌር ይነዳታል። እህቴ የሰፋችው የወንበር ልብስ እስካሁን አልተቀደደም ይሉኛል።

እኔ ከእናቴ ጋር ሐይቅ ገባሁ። በደሴው መንገድ ዳር ትንሽ ጋራዥ ከፍቻለሁ። ከቅሬው ወጣሁ፤ ሌላም ቅሬ አልገባሁም። እኛ አገር ከቅሬ የወጣ ሰው ምን እንደሆነ የወሎ ሰው ያውቀዋል። ሰላምታ የሚነፍጉኝ አሉ፤ እናቴም ራሷ “በሬሳህ ትቀልዳለህ” ትለኛለች። እኔ ግን አልቻልኩም፤ የሚያስተዛዝነኝን ሰው ፊት ማየት አልቻልኩም።

መኪና በክሪክ አንስቼ ከሥሯ ስተኛ የየመናዊው ወሬ ይመጣብኛል። ያቺ መኪና ለጦር ተሠርታ ለገበሬ ሆናለች፤ ጣሪያዋን ቀይረውላታል፣ ሞተሯን ቀይረውላታል፣ እኔም ለበሽተኛ እንድትመች አድርጌያታለሁ። እኛ ቅሬያችንን ከአያቶቻችን እንደተቀበልነው አስቀመጥነው። ብረቷን ለሕይወት አዋልን፤ ሰዉን አልቻልንም። እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ እናንተም እድር አላችሁ፣ ማኅበር አላችሁ። ስትሞቱ ስንት ሰው እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ስትታመሙ የሚመጣውን አንድ ጊዜ በስሙ ጥሩትና ራሳችሁ እዩት። እኔ ጠርቼ ጋሽ መላኩን ብቻ ነው ያገኘሁት።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ አባ ይመር ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ጋራዤ ድረስ መጡ። ሊያስታርቁኝ ነው። ጎማ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ሻይ አስመጣሁላቸው። በጣም አርጅተዋል።

“ልጄ፣ ሰው ያለ ቅሬ እንዴት ይኖራል?” አሉኝ። “ስትሞት ማን ይቀብርሃል?”

“አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት” አልኳቸው። “ያን ዕለት ሐዋን ሊቀብር የመጣው ሰው ሁሉ፣ ጠዋት የት ነበር?”

የሻዩን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጡ። ሊሸነግሉኝ እንዳልፈለጉ ከፊታቸው ያስታውቃል፤ የምር መልሱን እየፈለጉ ነበር። በመጨረሻ ግራ እንደተጋባ ሰው ቀና ብለው አዩኝ።

“ጠዋትማ አልሞተችም ነበር እኮ፣ ልጄ” አሉኝ።